ብርድ፣ አጭር ጉዞና የኤሌክትሪክ መኪና የኃይል ፍጆታ

የኤሌክትሪክ መኪና በብርድ ወቅት አጭር መንገድ ሲሄድ የሚፈጀው ኃይል በሞቃት ወቅት ለዚያው መንገድ ከሚፈጀው እጥፍ፣ አንዳንዴም ወደ ሦስት እጥፍ ይደርሳል። ያው መኪና በዚያው ብርድ ሳይቆም 100 ኪሎሜትር ቢሄድ ግን ጭማሪው ወደ ሲሶ ይወርዳል። መኪናውም፣ ባትሪውም፣ ብርዱም ሳይለወጥ ውጤቱ ይህን ያህል የሚራራቀው ከአጀማመሩ የተነሳ ነው። ብርድ ያቆፈነነው መኪና ሲነሳ የሚከፍለው የማሞቂያ ወጪ አለ፤ ወጪው መንገዱ 5 ኪሎሜትርም ሆነ 100 ያው ነው። ስለዚህ በአጭር ጉዞ ላይ ከርቀቱ ይልቅ ጊዜውና ድግግሞሹ ይመዝናል፤ ዋናው ነገር መኪናው በቀን ስንት ጊዜ ከቀዝቃዛ እንደሚነሳ ነው።

ፍጆታው የሚለካው በኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በየቤቱ ያለው የመብራት ቆጣሪ የሚቆጥረውም ይህንኑ ነው። 1,000 ዋት የሚስብ ዕቃ ለአንድ ሰዓት ሲሠራ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። መካከለኛ መጠን ያለው የኤሌክትሪክ መኪና በመልካም አየር ለ100 ኪሎሜትር ከ15 እስከ 18 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃዋል። ይህ እጅግ ጥቂት ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ብቻውን ወደ 9 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ኃይል ስለሚይዝ፣ የኤሌክትሪክ መኪናው 100 ኪሎሜትር የሚሄደው በ2 ሊትር ቤንዚን ውስጥ ባለ ኃይል ነው ማለት ነው። የቁጠባው ምንጭ ሞተሩ ነው። የቤንዚን ሞተር ካቃጠለው ነዳጅ ጎማ ላይ የሚያደርሰው ሩቡን ያህል ሲሆን የቀረው በጭስ ማውጫና በራዲያተር በኩል ሙቀት ሆኖ ይሄዳል። የኤሌክትሪክ መኪና ግን ከባትሪው የወጣውን ኃይል አብዛኛውን ወደ እንቅስቃሴ ይለውጠዋል።

ብርድ ሲመጣ ይህ ጥንካሬ ሌላ መልክ ይይዛል። የቤንዚን መኪና ማሞቂያ በነፃ የሚገኝ ነው፤ ሊባክን ከነበረው ሙቀት ጥቂቱን ወደ ጋቢና መመለስ ብቻ ይበቃዋል። የኤሌክትሪክ መኪና ይህን የመሰለ ትርፍ ሙቀት ስለሌለው የሚያሞቀውን ሁሉ ከባትሪው ቆርሶ መስጠት አለበት። በሌላው ጊዜ እምብዛም የማያባክን በመሆኑ በብርድ የሚጨመርበት ወጪ ጎልቶ ይታያል።

ይህ ወጪ ከምን ከምን እንደሚመጣ ለማየት ሌሊቱን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ደጅ ያደረ አንድ መኪና መመርመር ይቻላል። ውስጡ ያለው አየር ክብደቱ 4 ኪሎግራም ያህል ብቻ ነው፤ ይህን አየር ወደ 20 ዲግሪ ለማድረስ 0.03 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃል፤ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ብርዱን አቅፎ የሚቆየው ወንበሩ፣ ዳሽቦርዱ፣ መስታወቱ፣ በሩና ወለሉ ነው። ከእነዚህ 100 ኪሎግራም ያህሉ በ30 ዲግሪ መሞቅ አለበት ተብሎ ቢሰላ 0.8 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይጠይቃል። በዚህ ላይ ሰው ሲተነፍስ መስታወቱን ጭጋግ እንዳይሸፍነው ከውጭ ደረቅ አየር ያለማቋረጥ መግባት ይኖርበታል። በሰዓት 200 ኪሎግራም የሚሆን አየር በ30 ዲግሪ ለማሞቅ 1.7 ኪሎዋት ያህል ያስፈልጋል፤ የሞቀው አየር ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ከኋላ በኩል ወጥቶ ይሄዳል። ከመስታወትና ከላሜራ በኩል የሚያመልጠው ሙቀትም በዚህ ላይ ይደመራል።

ስለዚህ ሾፌሩ ማሞቂያውን ሲከፍት መሣሪያው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ባለ በሌለ ኃይሉ ይሠራል፤ ብዙዎቹ በዚህ ሰዓት ከ5 እስከ 7 ኪሎዋት ይስባሉ። ከሩብ ሰዓት ገደማ በኋላ ዕቃው ሁሉ ሙቀት ሲጠግብ ፍላጎቱ ወደ 2 ኪሎዋት ይወርዳል። አሁን ይህን ወደ መንገድ መለወጥ ይቻላል። በከተማ ውስጥ 5 ኪሎሜትር ለመሄድ 15 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። ለመንዳት ብቻ በሞቃት ወቅት 0.75፣ በብርድ ደግሞ 0.9 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። ማሞቂያው ለሩብ ሰዓት በአማካይ 5 ኪሎዋት ሲስብ 1.25 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል፤ መኪናውን ከሚያስኬደው ይልቅ መኪናውን የሚያሞቀው በለጠ ማለት ነው። ድምሩ 2.15 ሲሆን በዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው አኃዝ ለ100 ኪሎሜትር 43 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በሞቃት ወቅት ግን 15 ብቻ ነበር። በሰዓት 80 ኪሎሜትር እየተነዳ 100 ኪሎሜትር ለሚሄደው ያው መኪና ለመንዳት 19፣ ለመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ሙቀት 1.25፣ ለቀረው አንድ ሰዓት ደግሞ 2 ኪሎዋት ሰዓት ቢደመር 22 ገደማ ይመጣል። በሞቃት ወቅት ይህ መንገድ 17 ያህል ይፈልጋል።

እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ይህን ስሌት ያለ ወረቀት ያውቀዋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት የሚስብ ዕቃ ነው፤ ከመኪናው ማሞቂያ ጋር ተቀራራቢ ነው። ምጣዱ እስኪሰማ ድረስ አንድም እንጀራ ሳይወጣ ቆጣሪው ይዞራል። ምጣዱ ከሰማ በኋላ 30 እንጀራ ቢጋገር የማሞቂያው ወጪ ለ30 ይከፋፈላል፤ ሁለት ጋግሮ የሚያጠፋው ግን ያንን ሁሉ በሁለት እንጀራ ላይ ይጭናል። ምጣዱ ቀዝቅዞ ማታ እንደገና ሁለት ቢጋገር ደግሞ ወጪው እንደ አዲስ ይከፈላል። አጭር ጉዞ የሚያበዛ መኪና ሁለት ሁለት እንጀራ እየጋገረ ቀኑን የሚውል ምጣድ ነው።

በቀን 20 ኪሎሜትር የሚሄድ ሰው መንገዱን በአንድ ጊዜ፣ በግማሽ ሰዓት ቢጨርሰው በላይኛው ስሌት 5.35 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃዋል። መኪናው በየመሃሉ ደጅ ቆሞ እየበረደ ያንኑ 20 ኪሎሜትር በአራት ጉዞ ቢያደርሰው 8.6 ይፈጃል። ልጅ ትምህርት ቤት አድርሶ መመለስ፣ ገበያ ወጥቶ መመለስ የሚባለው የዕለት ኑሮ ሁለተኛው ዓይነት ነው። ይሁንና በመቶኛ የሚያስደነግጠው ነገር በመጠኑ ሲታይ ትንሽ ነው። በአንዱ የ5 ኪሎሜትር ጉዞ ላይ የተጨመረው 1.4 ኪሎዋት ሰዓት ሲሆን 60 ኪሎዋት ሰዓት ከሚይዝ ባትሪ ላይ ከሁለት በመቶ እምብዛም አይበልጥም። ማታ ቤቱ ቻርጅ የሚያደርግ ሰው በአጭር ጉዞ ምክንያት መንገድ ላይ አይቀርም። ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው 43 መኪናው መበላሸቱን አያመለክትም፤ ብዙ አዳዲስ ባለቤቶች በመጀመሪያው የብርድ ሳምንት የሚሰጉት ግን ይህንኑ ነው።

ማሞቂያው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ኤሌክትሪክን በቀጥታ ወደ ሙቀት የሚለውጥ ሲሆን 1 ኪሎዋት ወስዶ 1 ኪሎዋት ሙቀት ይሰጣል። ሁለተኛው ሂት ፓምፕ ይባላል፤ አሠራሩ የፍሪጅ ነው። ፍሪጅ ከውስጡ ያለውን ሙቀት አውጥቶ ከጀርባው በኩል እንደሚተፋው፣ ሂት ፓምፕም ከውጭው ቀዝቃዛ አየር ያለችውን ሙቀት ሰብስቦ ወደ ውስጥ ያስገባል። ሙቀትን ከቦታ ቦታ ማጓጓዝ ሙቀትን ከመፍጠር ስለሚረክስ፣ የውጭው አየር በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲሆን በ1 ኪሎዋት ኤሌክትሪክ ከ2 እስከ 3 ኪሎዋት ሙቀት ያስገኛል። ሬኖ ዞኢ እ.ኤ.አ. በ2012 ገበያ ላይ ሲውል ይዞት ወጣ፤ ኒሳን ሊፍ በ2013 ሞዴሉ ጨመረው፤ ቴስላ ደግሞ በ2020 በሞዴል ዋይ ጀመረ። የሂት ፓምፕ ጥቅም በአጭር ጉዞ ላይ ከሚወራለት ያነሰ መሆኑ ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ብርዱ እየከፋ ሲሄድ የሚሰበስበው ሙቀት ስለሚቀንስ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ አካባቢ ከቀጥታው ማሞቂያ ያለው ብልጫ ሊጠፋ ይቀርባል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎችም ብዙ ሙቀት በአንድ ጊዜ ስለሚፈለግ በብዙ መኪኖች ላይ ቀጥታው ማሞቂያ አብሮ ይነሳል። ለ5 ኪሎሜትር ጉዞ እነዚህ የመጀመሪያ ደቂቃዎች ጉዞው ራሱ ናቸው።

ባትሪው ሌላው የወጪ በር ነው። የሊቲየም ባትሪ የሚሠራው የሊቲየም አዮኖች ኤሌክትሮላይት በተባለው ፈሳሽ ውስጥ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሲመላለሱ ነው። ፈሳሹ ሲበርድ እንደ ረጋ ቅቤ ባይሆንም ይወፍራል፤ የአዮኖቹ መንገድ ይከብዳል፤ የባትሪው ውስጣዊ ሬዚስታንስ ይጨምራል። ከሚወጣው ኃይል የተወሰነው እዚያው ባትሪው ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ከዚህ በተጨማሪ ባትሪው የያዘው ኃይል ሁሉ ወዲያው አይገኝም። ጥቂቱ እስኪሞቅ ድረስ ታግዶ ይቆያል፤ በአንዳንድ መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ የበረዶ ቅንጣት ምልክት የሚበራው ለዚህ ነው። የታገደው ኃይል የጠፋ ኃይል አይደለም፤ ባትሪው ሲሞቅ ይመለሳል። በቻይና ሠራሽ መኪኖች ላይ በብዛት የሚገኘው የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ዕድሜው ረጅም፣ ዋጋው ዝቅተኛ ሲሆን በብርድ ግን ከሌሎቹ ይልቅ ይቸገራል።

ብዙ መኪኖች ባትሪያቸውን ራሳቸው ያሞቃሉ። ይህ ለረጅም መንገድና ለፈጣን ቻርጅ ተገቢ ነው፤ ለአጭር ጉዞ ግን ትርፉ አጠራጣሪ ነው። 400 ኪሎግራም የሚመዝን ባትሪ በ20 ዲግሪ ለማሞቅ 2.2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል። ይህ ከላይ ለተሰላው የ5 ኪሎሜትር ጉዞ ማሞቂያውን ጨምሮ ከሚያስፈልገው ጠቅላላ ኃይል ጋር እኩል ነው። በረጅም መንገድ ላይ ባትሪው በሙቀቱ ለሰዓታት ይጠቀምበታል። በአጭሩ ላይ ግን መኪናው ገና መሞቅ ሲጀምር ይደርሳል፣ ይቆማል፣ ሙቀቱም ለብርዱ ይሰጣል። የተሻሉት መኪኖች ጉዞው አጭር መሆኑን ካወቁ የባትሪውን ማሞቂያ አያነሱም፤ ለዚህም ሾፌሩ የሚሄድበትን ቦታ በካርታው ላይ ማስገባቱ ይጠቅማል።

በከተማ ጉዞ ላይ የሚታጣ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የኤሌክትሪክ መኪና ፍጥነት ሲቀንስ ሞተሩ እንደ ዲናሞ ሆኖ የእንቅስቃሴውን ኃይል ወደ ባትሪው ይመልሳል፤ በመብራትና በአደባባይ መካከል የሚመላለስ መኪና ቁጠባው በአብዛኛው ከዚህ ነው። 1,800 ኪሎግራም የሚመዝን መኪና በሰዓት 50 ኪሎሜትር ሲሄድ የሚይዘው የእንቅስቃሴ ኃይል 0.05 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። አሥር ጊዜ ቢቆምና ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ቢመለስ 0.3 ኪሎዋት ሰዓት ይተርፋል። የቀዘቀዘ ባትሪ ግን ኃይል ለመስጠት ከሚቸገረው በላይ ለመቀበል ይቸገራል። ከዜሮ በታች በሆነ ሙቀት በኃይል ቻርጅ ቢደረግ ሊቲየሙ ወደ ግራፋይቱ መግባት አቅቶት በላዩ ላይ እንደ ብረት ልባስ ይጋገራል፤ ይህ ጉዳት አይመለስም። ስለዚህ የመኪናው ኮምፒውተር የሚመለሰውን ኃይል ይገድባል፣ እንዲያውም ይዘጋዋል። ያኔ ሥራው የፍሬን ሸራ ይሆናል፤ 0.3 ኪሎዋት ሰዓቱም በፍሬኑ ላይ ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ሾፌሩ ይህን በእግሩ ያውቀዋል፤ ነዳጅ መስጫውን ሲለቅ ትናንት ራሱን ይይዝ የነበረው መኪና ዛሬ ጠዋት ዝም ብሎ ይንሸራተታል።

የቀሩት ምክንያቶች አነስ ያሉ ናቸው። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ነው፤ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ያለ አየር በ20 ዲግሪ ካለው በ11 በመቶ ያህል ይከብዳል። ይህ በአውራ ጎዳና ላይ ይሰማል፣ በከተማ ፍጥነት ግን እምብዛም አይታወቅም። ጎማ ሲበርድ ይደድራል፤ ሲንከባለል የሚያጠፋው ኃይል ይጨምራል፤ እስኪሞቅም ሃያ ደቂቃና ከዚያ በላይ ስለሚፈጅ አጭር ጉዞ ሙሉውን በቀዝቃዛ ጎማ ያልፋል። የጎማ ነፋስም ሙቀቱ በየ10 ዲግሪው በወረደ ቁጥር 2 ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል፤ በመስከረም የተሞላ ጎማ በጥር ጎድሎ መገኘቱ የተለመደ ነው። የካምቢዮ ዘይትና የኩሽኔታ ግሪስ ይወፍራሉ። በረዶና ውኃ ያለበት መንገድም የራሱን ይወስዳል።

በጉዳዩ ላይ ከተደረጉ ፈተናዎች ብዙ የሚጠቀሰው ትሪፕል ኤ የሚባለው የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ነው። ማኅበሩ ቢኤምደብሊው አይ3ኤስ፣ ሼቭሮሌ ቦልት፣ ኒሳን ሊፍ፣ ቴስላ ሞዴል ኤስና ቮልስዋገን ኢ-ጎልፍ የተባሉ አምስት መኪኖችን በ20 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ከዜሮ በታች 7 ሴንቲግሬድ ገደማ ፈትኖ በአንድ ቻርጅ የሚሄዱት ርቀት ማሞቂያ ሲከፈት በአማካይ በ41 በመቶ እንደቀነሰ አገኘ። ማሞቂያው ተዘግቶ ሲነዱ ግን ቅናሹ 12 በመቶ ብቻ ነበር። ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለው ሰፊ ክፍተት ነገሩን ይናገራል፤ የብርድ ዋናው ዋጋ የማሞቂያ ዋጋ ነው። በ95 ፋራናይት ሙቀት ከነማቀዝቀዣው ቅናሹ 17 በመቶ ነበር፤ ይህም አያስገርምም። የውጭው 35 ሲሆን መቀነስ ያለበት ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ነው፤ በብርድ ግን መጨመር ያለበት 30 ሊሆን ይችላል።

ነገሩ በስፋት በተግባር የታየው በኖርዌይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 በዚያች አገር ከተሸጡት አዳዲስ የግል መኪኖች 88.9 በመቶው ሙሉ በሙሉ በኤሌክትሪክ የሚሄዱ ነበሩ። የኖርዌይ አውቶሞቢል ፌዴሬሽን በየዓመቱ በብርድ ወቅት መኪኖችን በአንድ መንገድ ላይ አሰልፎ ባትሪያቸው እስኪያልቅ ያስነዳል፤ በ2020 በ20 መኪኖች ባደረገው ፈተና አማካይ ቅናሹ 18.5 በመቶ ሆነ። የአሜሪካው 41፣ የኖርዌዩ 18.5 የሆነው አንዱ ስለተሳሳተ አይደለም። የኖርዌዩ መኪኖች ረጅም መንገድ በአንድ ትንፋሽ ይሄዳሉ፤ የማሞቂያው የመጀመሪያ ወጪ በመቶዎች ኪሎሜትር ላይ ይከፋፈላል። ብርዱም፣ መኪኖቹም፣ የአለካኩ ዘዴም ይለያያሉ። ሁለቱም ግን የአጭር ጉዞን ፍጆታ አይነግሩም፤ አንዳቸውም መኪናውን በቀን አራት ጊዜ አብርደው አላስነሱትም። በአውሮፓ የመኪና ወረቀት ላይ የሚታተመው የደብሊውኤልቲፒ አኃዝ ደግሞ በ23 ዲግሪ ሙቀት የሚለካ ስለሆነ ለዚህ ጥያቄ ጭራሽ አይሆንም። ገዢው ከሻጩ የሚሰማው አንድ ቁጥር ለአንድ ዓይነት ጉዞ ብቻ እውነት መሆኑን ካላወቀ፣ በብርድ ሲነዳ የተታለለ ይመስለዋል።

የቤንዚን መኪናም ከዚህ ነፃ አይደለም። የአሜሪካ የኃይል ሚኒስቴርና የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በጋራ እንደሚገልጹት የቤንዚን መኪና በከተማ ውስጥ በአንድ ሊትር የሚሄደው መንገድ በ20 ፋራናይት ብርድ ከ77 ፋራናይት ጋር ሲነጻጸር በ15 በመቶ ያህል፣ ከ5 እስከ 6 ኪሎሜትር በሚሆን አጭር ጉዞ ላይ ደግሞ እስከ 24 በመቶ ይቀንሳል። ሞተሩ እስኪሞቅ ነዳጅ አብዝቶ ይወስዳል፤ ዘይቱ ወፍራም ነው፤ የጭሱ ማጣሪያም እስኪሞቅ በቅጡ አይሠራም። በከተማ ለ100 ኪሎሜትር 8 ሊትር የሚፈጅ መኪና በዚህ ስሌት ወደ 10.5 ሊትር ይደርሳል፤ በኪሎዋት ሰዓት ሲቆጠር ወደ 94 ነው። ስለዚህ የኤሌክትሪክ መኪናው 43 በጣም በሚከፋበት ሰዓት እንኳ ከግማሽ በታች ነው። በዚያ ላይ የቤንዚኑ ሾፌር ሞተሩ ሳይሞቅ ስለሚደርስ 5 ኪሎሜትሩን እጁን እያሸ ይጨርሳል፤ የኤሌክትሪኩ ማሞቂያ ግን በአንድና በሁለት ደቂቃ ውስጥ ሞቃት አየር ያወጣል።

ወጪውን ለመቀነስ ከሚመከሩት ሁሉ ቀዳሚው መኪናው ከመነሳቱ በፊት ከግድግዳ ሶኬት ጋር እንደተያያዘ አስቀድሞ ማሞቅ ነው። ከመውጣት 15 ወይም 20 ደቂቃ በፊት በስልክ ወይም በመኪናው ሰዓት ሲታዘዝ ሙቀቱ ከቤት መብራት ይመጣል፤ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ይነሳል፤ መስታወቱም ሳይፋቅ ይጠራል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚደባለቅ ነገር አለ። ቀድሞ ማሞቅ የሚያተርፈው የባትሪውን ርቀት ነው፤ ኃይሉ ግን ከመብራት ቆጣሪው ላይ ይቆጠራል። ዳሽቦርዱ ዝቅተኛ ፍጆታ ቢያሳይም የወሩ ሒሳብ ያንን ያህል አይወርድም፤ እንዲያውም ለ5 ኪሎሜትር ተብሎ መኪናውንም ባትሪውንም ግማሽ ሰዓት ማሞቅ ጠቅላላ ወጪውን ሊጨምረው ይችላል። ርቀት ለሚያስጨንቀው ሰው ቀድሞ ማሞቅ ትልቅ መፍትሔ ነው። ኃይል መቆጠብ ለሚፈልግ የሚሻለው ሌላ ነው። መኪናን ከሶኬት ማያያዝ ራሱ ለብርድ አገር ሰው አዲስ አይደለም፤ በፊንላንድና በካናዳዋ ዊኒፔግ የቤንዚን መኪናዎች ሞተራቸው እንዳይቆፍን ሌሊቱን በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሲያድሩ ኖረዋል፤ በየማቆሚያው የተተከለው ሶኬትም ለዚሁ ነው።

ኃይል የሚቆጥበው ሰውን ማሞቅ ነው። የሚሞቅ ወንበር ከ50 እስከ 100 ዋት ብቻ ይስባል፤ የሚሞቅ መሪም ከዚህ አይበልጥም። ሾፌሩ ካፖርቱን ሳያወልቅ ወንበሩንና መሪውን አሙቆ፣ አየሩን መስታወት ለማጥራት በሚበቃ 2 ኪሎዋት ብቻ ቢያስነሳው የቀደመው የ5 ኪሎሜትር ጉዞ ከ2.15 ወደ 1.45 ኪሎዋት ሰዓት ይወርዳል። ጉዞን ማያያዝም ከዚያ የማይተናነስ ጥቅም አለው፤ ገበያው፣ ፖስታ ቤቱና ትምህርት ቤቱ በአንድ ዙር ከተደረሱ መኪናው አንዴ ብቻ ይሞቃል። የውጭ አየር ማስገቢያውን ዘግቶ የውስጡን ማዞር ኃይል ይቆጥባል፣ ግን መስታወቱን ጭጋግ ስለሚሸፍነው በብርድ ለረጅም ጊዜ አይመከርም። ጋራዥ ያለው ሰው፣ ጋራዡ ባይሞቅ እንኳ፣ ከውጭው በጥቂት ዲግሪ የሚሻል መነሻ ያገኛል።

መኪናው ቆሞም ይበላል። ጠባቂ ካሜራው በርቶ የሚያድር መኪና ያለማቋረጥ 200 ዋትና ከዚያ በላይ ሊስብ ይችላል፤ በአሥር ሰዓት 2 ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም አንድ የብርድ ጉዞ ያህል ይሆናል። በስልክ መተግበሪያ በየሰዓቱ ባትሪውን መጎብኘትም ተኝቶ የነበረውን ኮምፒውተር ይቀሰቅሰዋል። ቻርጅ ሲደረግ ከቆጣሪው የወጣው ሁሉ ባትሪው ውስጥ አይገባም፤ ባትሪው ቀዝቃዛ ሲሆን ከሚገባው ኃይል ጥቂቱ መጀመሪያ ለማሞቂያ ይውላል። ቤት እንደተገባ፣ ባትሪው ከጉዞው ሙቀት ሳይወጣ ሶኬቱ ላይ ማድረግ የሚሻለው ለዚህ ነው። ቤቱ ሶኬት የሌለው ሰው ችግሩ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 ቺካጎ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪና ከዚያ በታች በወረደ ብርድ ስትያዝ በሕዝብ ቻርጀሮች ላይ ረጅም ሰልፍ ተፈጠረ፤ የቀዘቀዙ ባትሪዎች ኃይል የሚቀበሉት በዝግታ ስለነበር ተራው አልሄደም፤ ሲጠብቁ ባትሪያቸው ያለቀባቸውም ነበሩ።

በሚኒያፖሊስ፣ በቶሮንቶና በዋሺንግተን ለሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይህ የእንጀራ ጉዳይ ነው፤ በታክሲና በራይድ ሥራ የተሰማራው ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ቀኑን ሙሉ ሰው የሚያመላልስ ሾፌር እያንዳንዱ ጉዞው አጭር ቢሆንም መኪናው አይበርድም፤ የመነሻውን ወጪ ጠዋት አንዴ ከፍሎ ይጨርሳል። በር በተከፈተ ቁጥር ሙቀት ይወጣበታል እንጂ ፍጆታው ከአጭሩ ይልቅ ወደ ረጅሙ ጉዞ ስሌት ይቀርባል። የከፋው የሚደርስበት በአፓርታማ ሕንፃ እየኖረ መኪናውን መንገድ ዳር የሚያሳድርና ጠዋትና ማታ ለአሥር ደቂቃ ብቻ የሚያስነሳው ሰው ነው፤ ቀድሞ ለማሞቅ ሶኬት የለውም፤ በየጉዞው ከብርድ ይነሳል።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ በኋላ፣ ወደ ብዙ ቤት ገብቷል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ንጋት ላይ ሙቀቱ ወደ 8 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። ይህ ለባትሪ ብርድ የሚባል አይደለም። ጠዋት ላይ ፍሬን ሲያዝ የሚመለሰው ኃይል በጥቂቱ ሊገደብ ይችላል፤ ማሞቂያ ካልተከፈተ ግን የፍጆታው ጭማሪ እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም። ቢከፈትም መጨመር ያለበት 12 ዲግሪ ያህል እንጂ 30 አይደለም፤ ሂት ፓምፕ ያለው መኪና ደግሞ በትክክል የሚበረታው በዚህ ሙቀት ነው። ውርጭ በሚወርድባቸው እንደ ደብረ ብርሃን ባሉ ደጋ ከተሞች ማለዳው ከዚህ ይጠነክራል፤ ቢሆንም ረፋዱ ላይ ፀሐይ ታሞቀዋለች።

የደጋው አሽከርካሪ ከብርድ ይልቅ የሚያስቸግረው የክረምቱ እርጥበት ነው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ርሶ የገባ ሰው ልብሱና ትንፋሹ መስታወቱን ወዲያው ጭጋግ ያለብሱታል። ይህን ለማጥራት መኪናው አየሩን መጀመሪያ በማቀዝቀዣው አድርቆ፣ ከዚያ አሙቆ ወደ መስታወቱ ይነፋዋል፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ከባትሪው ይስባሉ። በመንገድ መዘጋጋት 5 ኪሎሜትር አርባ ደቂቃ ሲፈጅ ይህ ፍጆታ በሰዓቱ ልክ ይቆጥራል። የውጭ አየር ማስገቢያውን መክፈት፣ የረጠበውን ምንጣፍ ማድረቅና መስታወቱ እንደጠራ ንፋሹን ዝቅ ማድረግ አብዛኛውን ያስቀራል።